ታስሮ የተረፈ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከኦውሉ ከተማ ዳር፣
ሰው የጣለውን ዕቃ በየወገኑ መደርደር፤
ብረቱን ለብረት፣ ጨርቁን ለጨርቅ ክምር፣
የማይረባውንም ለእሳቱ መገበር።

አንድ ማክሰኞ ጧት፣ በረዶው ከእግሬ ሥር ሲንቋቋ፣
(ጥር ላይ ፀሐይ ራሷ አራት ሰዓት ነው የምትነቃ)
ካይሳ የምትባል ሴት በኪራይ መኪና መጣች፤
ከኋላው የልጅ ወንበር በሁለት እጇ አወጣች።
አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ጨርቁ አልነተበ፣
መቆለፊያው አልላላ፣ ትራሱ አልረገበ።
"ይሄማ ደህና ነው" አልኳት፣ "ለሌላ ልጅ ይሆናል፤
ከበሩ አጠገብ ላኑረው፣ ያጣ ሰው ይወስደዋል።"

"አይሆንም" አለች። "ግጭት አይቷል።

ባለፈው ዓርብ ማታ፣ በኩሳሞ መንገድ ላይ፣
አጋዘን ከጥድ መሃል ዘለለ፣ እኔ ሳላይ።
መኪናው ሦስቴ ዞረ። መስታወቱ ረገፈ።
ልጄ ግን..." አለችና፣ ቃሏ እዚያው ላይ ታጠፈ።

ወደ ኪራዩ መኪና አየሁ፤ በሌላ ወንበር ታስሮ፣
የአራት ዓመቱ ኦይቫ፣ ቀበቶው ደረቱን ተሻግሮ፣
እንደ እስረኛ ሹም ብስኩት ይግጣል ተኮሳትሮ።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጄ ሰልማ ናት ያስተማረችኝ፤
"መቶ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ሳልሞላ፣ ወንበሬ አይለቀኝ።"
በየወሩ መጀመሪያ የበሩ መቃን ላይ ትለካለች፤
በጣቷ ጫፍ ቆማ፣ ፀጉሯን አቁማ፣ ሁለት ሳንቲም ትሰርቃለች።
ጎረቤቴ ኔስቶሪ ግን "ለመቀጫ ያወጡት ነው" ይላል፤
"ገበያ ለመድረስ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ማን ልጁን ያስራል?"
ግጭት ያየ ወንበር ደግሞ ዳግመኛ አይታመንም፤
ስንጥቁ ከሆዱ ነው፤ ዓይን አያገኘውም።

እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤
አባቴ ቮልቮውን ሲነዳ ወደ ኋላ አይዞርም፤
እኔና ወንድሜ አርቪ፣ ከኋላ መስታወት ሥር፣
እንደ ሁለት ድመት ተጋድመን ኮከብ እንቆጥር ነበር።
ደስ ይል ነበር። አልዋሽም። ደስ ይል ነበር በጣም።
ግራው የአርቪ ነው፤ ቀኙ የኔ፤ ሳይቀያየር ምንም፣
እስከዚያ ክረምት።
ከዚያ ወዲያ ሁለቱም የኔ ሆነ። ሌላ አልልም።

መቀሴን አመጣሁ። ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት
ማሰሪያው ይቆረጣል፤ እንዲህ ነው የኛ ሥርዓት።
"ምን አጠፋ?" አለኝ ኦይቫ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።
ትንሽ ቆየሁ፣ ምላሴ ለልጅ የሚሆን ቃል ፈልጎ።
"ጥፋትስ የለበትም፤ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚይዘው፤
ያችኑ አንድ ጊዜውን ላንተ ብሎ ጨረሰው።"

ማሰሪያው ጠንካራ ነው፣ ለመቀስ እንኳ አይገዛም፤
እጄ እስኪዝል ታገልኩት፤ ቶሎ አልተበጠሰም።
ከትራሱ ሥር ዘቢብ ወጣ፣ ሦስት ፍሬ፣ የደረቀ፣
አንድ ቀይ የሱፍ ጓንትም፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለቀ።
ጓንቱን ለካይሳ ሰጠኋት፤ ዘቢቡን ኪሴ ከተትኩ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ በጣቴ ስዳብሰው ዋልኩ።

ሰው ሁሉ ፍቱኝ ይላል፤ እስራትን ማን ይወዳል?
አርቪን ማንም አላሰረው። ነፃ ነበረ፤ ይበራል።

ካይሳ ልትሄድ ስትል የልጇን ቀበቶ ሳበች፤
"ቀጭ" ሲል ሰማች፤ ደግማ ሳበች፤ ደግማ ሰማች።
"ጠበበኝ!" አለ ኦይቫ።
"ይጥበብህ" አለች፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፤
የኋላ መብራታቸው ቀልቶ ጠፋ ከጥዱ አጥር።

ብረቱን ለብረት ብያለሁ፤ ለዚህ ግን ክምር አጣሁለት፤
እስከ ማታ በሩ ሥር ቆየ። በረዶ መጥቶ ተቀመጠበት።